የሀርላን እጅ

ነሐሴ 18

ብሪታ ጻፊ አለችኝ። "እማ፣ ለሰው የማትናገሪ ከሆነ ለወረቀት ተናገሪ" ብላ ይህን ደብተር ከማዲሰን በፖስታ ላከችልኝ። ሽፋኑ ላይ አበባ አለበት። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አበባ! እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ በቆሎው ከቁመቴ አልፏል፣ ሌላ የምለው የለኝም።

ነሐሴ 21

አለ! በሕይወት አለ!

ባሌ ሀርላን አጋዘን እንድታነሳለት ረግረጉ ዳር ዛፍ ላይ ያሰራትን ካሜራ ልፈታት ሄጄ ነበር። እግረ መንገዴን ምን አንስታ ይሆን ብዬ ፎቶዎቹን አየሁ። ያ ወንድ አጋዘን ነው። ቀንዱ ከአምናው ሰፍቷል፣ አንገቱ ወፍሯል፣ ትከሻው ላይ ጠጉር ያልበቀለበት ጠባሳ አለ። ሀርላን የመታው እዚያ ጋ ነው።

አምና ኅዳር ላይ ሊመሽ ሲል መታውና ከዛፉ የአደን ማማ ላይ ሆኖ ደወለልኝ። "ሎርና፣ ተበላሸብኝ፣ ትከሻውን ነው ያገኘሁት" አለ። "እንዳትወርድ፣ ጠዋት አብረን እንፈልገዋለን" አልኩት። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ አዳኝ የለም። በደንብ ያልተመታ አጋዘን አይባረርም፤ ከተዉት አንድ ቦታ ሄዶ ይተኛል፣ በማግስቱ ደሙን ተከትለው ያገኙታል። "እሺ" አለኝ። እሺ ብሎኝ ወረደ። ጠዋት ጎረቤታችን ቨርጂል ነው ረግረጉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ያገኘው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሀርላን እሺ ብሎ ያደረገው ነገር ትዝ አይለኝም፤ ያን ቀን ለምን እንዳመንኩት አላውቅም።

አሁን እሱ አፈር ውስጥ ነው፣ አጋዘኑ የቨርጂልን አኩሪ አተር ይበላል። ካሜራዋን አልፈታትም፤ እኔ ነኝ የምጥለው። በሀርላን ደጋን፣ ሀርላን እንዳስተካከለው። የጠመንጃ አደን ሰሞን ገብቶ አገር ምድሩ ጫካ ውስጥ ከመፍሰሱ በፊት።

ነሐሴ 24

ደጋኑን ከጋራዡ ግድግዳ አወረድኩ። መያዣው አሁንም የእሱ ላብ ይሸታል። ለእኔ ስለሚከብደኝ የደጋኑን ክንዶች የሚያጠብቁትን ብሎኖች ጥቂት አላላሁ። ሌላውን አልነካም።

ፍላጻው የሚተኛባት ማረፊያ ላይ ቀይ መስመር አለ። ከማረፊያዋ ተነስቶ እስከ ደጋኑ አካል ይደርሳል፤ ማረፊያዋ ብትንሸራተት መስመሩ ይቆረጣል፣ ወዲያው ይታያል። በእኔ የጥፍር ቀለም ነው ያሰመረው። ለእህቴ ሠርግ የገዛሁት ነበር። ያን ቀን እንዴት ጮህኩበት! እሱ እቴ፣ ይስቃል።

መስመሩ አይነካም።

ነሐሴ 29

በመለማመጃው የፍላጻ ጫፍ፣ በድቡልቡሉ፣ ከሃያ ያርድ የስፖንጁን ዒላማ መሀል መሀሉን። ድሮ እሁድ እሁድ ከሀርላን ጋር ስንፎካከር የለመድኩት እጄ አልረሳም። ትከሻዬን ያመኛል። ይመመኛ።

መስከረም 2

የአደኑን ጫፍ፣ ባለምላጩን፣ ገጠምኩ። አንድ መዳፍ ሙሉ ወደ ግራ። ሦስቱም።

ጣጣው ይህ ነው። ድቡልቡሉ ጫፍ ገር ነው፤ ፍላጻው ትንሽ ተጣሞ ቢወጣ እንኳ ከኋላ ያለው ላባ ያቃናዋል። ምላጭ ያለበት ግን ከፊቱም ክንፍ እንዳለው ነው፤ ንፋሱን ይይዝና የተኳሹን ጥፋት ሁሉ ያወጣል። እንዲህ ሆኖ ብተኩስ የማገኘው ልቡን አይደለም፣ ትከሻውን ነው። ያንኑ ትከሻ።

መስከረም 5

ቨርጂል ጋ ሄድኩ። የከብት መኖ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ ደጋን ይጠግናል። በእንጨት ፍሬም የወጠረው ወረቀት አለው፤ በቅርብ ቆሜ በወረቀቱ ውስጥ ተኮስኩ። ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው ወደ ጎን ተሰንጥቆ ወጣ።

"ምን ሆነሽ ነው ሎርና? ጉልበቱን ቀንሰሽ ፍላጻውን ያንኑ ካደረግሽ ምን ልትጠብቂ? ለላላ ደጋን ይሄ ፍላጻ ይደርቅበታል፣ ወደ ግራ ይሄድብሻል። በዚያ ላይ የሀርላን እጅና ያንቺ እጅ አንድ አይደለም። አምጪው፣ ማረፊያዋን የጠጉር ያህል ወደ ቀኝ ልግፋት። ለቡና እንኳ ሳትቀመጪ ያልቃል።" መፍቻውን አነሳ።

"ንካትና እጅህን ነው የምቆርጠው!"

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠ። "ደጋን እኮ ለያዘው ሰው ነው የሚስተካከለው። ለሞተ ሰው የተስተካከለ ደጋን ይዘሽ..." አለና አፉን ያዘ።

"ጨርሰው እንጂ!"

"ተይው። ብሪታን ሰላም በይልኝ።"

ደህና ሰው ነው። ግን ስለ ሀርላን ሲያወራ ዓይኔን አያየኝም። ያገኘው እሱ ስለሆነ ነው መሰለኝ።

መስከረም 9

ግራ።

መስከረም 10

ግራ። ዝናብ።

መስከረም 12

ግራ፣ ግራ፣ ግራ! የደጋን አደኑ ሰሞን ቅዳሜ ይከፈታል። ሌላው ሁሉ ማማው ላይ ይወጣል፣ እኔ ከጎተራው ጀርባ ስፖንጅ እበሳለሁ።

መስከረም 16

መተኛት ስላልቻልኩ ልጻፍ።

ዛሬ ማታ ሰሃን ሳጥብ ገባኝ። የሀርላን ግራ አውራ ጣት! ገና ሳንጋባ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ጨፍልቆት ሳይታጠፍ ቀርቷል። ደጋኑን እንደ ሰው ዘና አድርጎ መያዝ አይችልም ነበር። አውራ ጣቱን እንደ እንጨት ገትሮ፣ በሥሩ ባለው ሥጋ መያዣውን ወደ ጎን ገፋ፣ አንጓውን ጠምዘዝ። ቨርጂል "አያያዝህ አጋዘኑን ያስቃል" እያለ ሲቀልድበት እሰማ ነበር። ማረፊያዋን ለዚያ አያያዝ ነው ያስተካከላት። ቀዩ መስመር የደጋኑ ልክ አይደለም፣ የዚያ ጣት ልክ ነው።

ስለዚህ ማረፊያዋን ለምን እነካለሁ? እጄን ለወጥኩ።

በመኪናው መብራት ተኮስኩ። ሰው ቢያየኝ አበደች ይል ነበር። አውራ ጣቴን ገተርኩ፣ በሥሩ ገፋሁ፣ አንጓዬን ጠመዘዝኩ። የመጀመሪያው አሁንም ግራ፣ ግን ቀርቧል። ቀጥሎ ይበልጥ ቀረበ። ከዚያ ባለምላጩ ቀድሜ የሰደድኩትን ባለድቡልቡል ፍላጻ ታክኮ ገባ፣ ላባውን ቀደደው። ልቤ ቀጥ አለች። ደስታ ነው። ደስታ ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል? ጓሮው ጸጥ ብሎ ነበር፣ ፌንጣው እንኳ ዝም ብሎ ነበር፣ እኔም ለረጅም ጊዜ ዞር ማለት አልፈለግኩም።

ቨርጂል ቢያይ ልክ አይደለም ይላል። ይበል።

መስከረም 23

በየቀኑ መሀል። ቀኝ ግራ የለም። አውራ ጣቴን አመመኝ፣ ሥሩ ላይ፣ አጥንቱ ውስጥ። ብዙ ስለተኮስኩ ነው። ከሰዓት ዝናብ ጣለ።

መስከረም 28

ጣቴ እንደገና አመመኝ። እንደገና ዘነበ። ሀርላን "የአየር ትንበያ ምን ያደርግልኛል፣ ጣቴ አለኝ" ይል ነበር። አጋጣሚ ነው።

ጥቅምት 3

ብቻሽን አትቀመጪ ስለተባልኩ መጠጥ ቤቱ በየዓርቡ ለሚያቀርበው ዓሣ ጥብስ ሄድኩ። ቨርጂል ጀርባውን ሰጥቶኝ ባንኮኒው ላይ ያወራል። መግባቴን አላየም።

"ማክሰኞ በሎርና በር ሳልፍ ከጎተራው ጀርባ ሲተኩስ አየሁት" ይላል። "መኪናዬን ቦይ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝ።"

"ማን ሲተኩስ?" አለው ባለ መጠጥ ቤቱ።

"ማን እንደሆነማ ነገርኩህ።"

"ሎርና ናታ፣ አንተ ሰውዬ! መነጽርህን ቀይር።"

"ሎርና እንዲያ አትቆምም። እግሩን እንዴት እንደሚያስቀድም፣ ትከሻውን እንዴት እንደሚጥል አውቃለሁ። ዕድሜ ልኬን አብሬው አድኛለሁ። ፍላጻውን ሊነቅል ሲሄድ እንደ ድሮው እያነከሰ ነበር።"

ዓሣውን ሳልበላ ወጣሁ። የሀርላንን ጃኬት ለብሼ ስለነበር ነው። ጃኬት የሚያስለብስ ብርድ ነበር እንዴ ማክሰኞ? እግሬንስ መቼ አመመኝ? ይሄ ሰውዬ ወሬኛ ሆኗል።

ጥቅምት 8

ብሪታ ደወለች። "እንዴት ነህ አለቃ?" አልኳት፣ አመለጠኝ። አባቷ ነበር ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ የሚላት።

"እማ፣ ማን አለ እዚያ?" አለችኝ።

"ማን ይኖራል?"

"ሰው ሲያወራ ሰማሁ እኮ።"

ሬዲዮ ነው አልኳት።

ለእራት ብዙ ሠርቼ ኖሯል፣ ድንችና ሥጋው ለሁለት ይበቃል። የለመደ እጅ ነው። ሬዲዮውን አንድ ቀን ወስጄ ማሠራት አለብኝ፣ ከሰኔ ጀምሮ አይሠራም።

ጥቅምት 14

ያላላኋቸውን ብሎኖች ወደ ነበሩበት አጠበቅኩ። የሀርላን ሙሉ ጉልበት። በታመመ ትከሻዬ አንድ ጣት እንኳ አላንቀሳቅሰውም ብዬ ነበር። ሳብኩት። እንደ ቅቤ ለሰለሰ!

ከሠላሳ ያርድ፣ ከአርባ ያርድ፣ ባለምላጩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ድምፅ እንኳ የለውም።

ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

ጥቅምት 19

ብሪታ ቅዳሜና እሁድን መጣች። ልጄ ከስታለች። አልጋው ላይ የተኛሁበትን ጎን አይታ "የአባዬ ጎን ነው" አለች። "መስኮቱ ጋ ይቀዘቅዛል" አልኳት። እውነቴን ነው፣ ይቀዘቅዛል።

ዛሬ ጠዋት ተኩሼ ስመለስ ኩሽናው መስኮት ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። እጄን ያዘችና አውራ ጣቴን አጠፈችው። ልታጥፈው ሞከረች ማለቴ ነው። ትንሽ ደርቋል፣ ጠዋት ጠዋት እንዲያ ይሆናል፣ ዕድሜም ነው።

"እማ፣ ማረፊያዋን አስነኪያት" አለችኝ። "ቨርጂል ነግሮኛል። ትንሽ ገፍቶ ለአንቺ እጅ ያስተካክላት።"

"ለእኔ እጅ ነች እኮ! አላየሽም? አንድም አልሳትኩም!"

"አይቻለሁ። እሱን ነው ያየሁት!" ጮኸች፣ ብሪታ ጮሃ አታውቅም። "አባዬን ቀብሬያለሁ። አንቺን ሰጥቼ እሱን መልሼ መውሰድ አልፈልግም፣ ገባሽ?"

ምን ማለት ነው እሱ? ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው። አቀፍኳት፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረግኳት። ከእቅፌ ፈልቅቃ ወጣች። ጀርባ መታ መታ የሚያደርገው አባቷ ነበር። ምሳ ሳትበላ ሄደች።

እኔ ክፉ እናት ነኝ? አንድ ነገር ልጨርስ ነው የለመንኩት። አንድ አጋዘን። ከዚያ ደጋኑን እሰቅላለሁ።

ጥቅምት 28

በቆሎው ታጨደ። ሜዳው ባዶ። አጋዘኑ በቀን ብርሃን ካሜራው ላይ መጣ፣ ሴት አጋዘኖቹን ይከተላል። ንፋሱ ልክ አይደለም፣ ሽታዬን ወደ እሱ ይወስዳል። ሁለት ቀን ልጠብቅ።

መጠበቅ አስጠልቶኛል። ከመቼ ጀምሮ?

ኅዳር 2

ያን ምሽት ስልኩን ባልዘጋው ኖሮ። "አላምንህም፣ ደግመህ ማልልኝ" ብለው ኖሮ። መብራት ይዤ ሄጄ ከማማው ሥር ቆሜ "ና ውረድና ቤት እንግባ" ብለው ኖሮ። ተኛሁ እኮ! ዘግይቶ መግባት ልማዱ ነው ብዬ ተኛሁ።

ጣቴን አመመኝ። በረዶ ሊጥል ነው።

ኅዳር 5

ማማው ላይ ዋልኩ። ምንም። ስወርድ የጫማ ዱካ አየሁ በረዶው ላይ፣ ወደ ማማው የሚመጣ። የእኔው ነው፣ የሀርላንን ቦት ጫማ አድርጌ ስለሄድኩ ሰፋ። የሚመለስ ዱካ ፈልጌ አጣሁ፤ እኔ ገና አልተመለስኩም ነበርና።

ኅዳር 8

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ምክንያት አበጅለታለሁ።

ከሰዓት ወጣሁ። ንፋሱ ከረግረጉ ወደ እኔ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ከታጨደው በቆሎ ወደ ዛፎቹ መጣ። እንዴት ያለ ፍጥረት ነው! ትንፋሹ ይታየኛል። ሃያ ያርድ ላይ ቆመና ጎኑን ሰጠኝ። ከዚህ የተሻለ ማንም አያገኝም።

ደጋኑን ሳብኩ። ያለ ምንም ድካም ተሳበ። አውራ ጣቴ እንደ እንጨት ተገትሯል፣ ማነጣጠሪያዋ ከልቡ ላይ ተቀምጣ ንቅንቅ አትልም። እንደማልስተው አውቃለሁ። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። "እንደመታሁት ወዲያው እወርዳለሁ፣ ውሃው ጋ ሳይደርስ እደርስበታለሁ።" ደስ የሚል፣ የሚያሞቅ ሐሳብ ነበር። ፈገግ ብዬ ነበር መሰለኝ።

እኔ በሕይወቴ እንዲህ አስቤ አላውቅም። ዳቦ ሳይበርድ ቆርጬ የማላውቅ ሴት ነኝ። የሚቸኩለው ሀርላን ነው። ጠብቅ የምለው እኔ ነኝ። ያ ሐሳብ የማን እንደሆነ ገባኝ፣ ክው አልኩ። ወደ ታች ሳይ ከማማው እንዳይወድቁ የሚታሰረው ቀበቶ ተንጠልጥሏል። አላሰርኩትም! እኔ፣ ሀርላንን በዚህ ቀበቶ ስጨቀጭቀው የኖርኩት!

"አይሆንም" አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

አጋዘኑ ቀና አለ። ጣቴን በግድ አጠፍኩት፣ እጄን ወደ ራሴ አያያዝ መለስኩ። በእኔ አያያዝ ፍላጻው ግራ ሄዶ ትከሻውን እንደሚያገኝ አውቃለሁ፣ ስለዚህ አልለቀቅኩም። አውታሩን ቀስ ብዬ ልመልሰው ስል ደጋኑ ከበደኝ። አሁን ነው የከበደኝ። ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ፣ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት። አጋዘኑ ጥቂት አየኝና ዘወር ብሎ በደረቁ መሬት ወደ ኮረብታው ሄደ።

ወደ ረግረጉ አልሄደም። እያየሁት ኮረብታውን ወጣ። ረግረጉ ውስጥ ግን ውሃው መንቦጫረቅ ጀመረ። የቸኮለ ሰው እርምጃ ነው፣ አንድ እግሩን የሚጎትት። ከማማው ሥር ተነስቶ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ሄደ። ቀበቶውን አሰርኩ፣ ዛፉን አቀፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። "ሀርላን፣ ጠዋት አብረን እንፈልገዋለን" አልኩ። ደጋግሜ አልኩ። ድምፁ ከራቀ በኋላም ብዙ ቆየሁ።

ፈርቼ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ከመስከረም ጀምሮ ፈርቼ ነበር።

ኅዳር 9

ሲነጋ ለብሪታ ደወልኩ።

"እማ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው፣ ብሪታዬ።"

ስሟን ስጠራት ማልቀስ ጀመረች። እኔም ጀመርኩ። ዓርብ እመጣለሁ አለችኝ፤ ምሳ ሳትበይ አትሄጂም አልኳት።

ከዚያ ደጋኑን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። ብሎኖቹን ለእኔ ጉልበት አላላሁ። ትንሿን መፍቻ ይዤ ቀዩን መስመር እያየሁ ተቀመጥኩ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ። ሌላ ምን ቀረኝ ከእሱ? ከጃኬቱና ከቦት ጫማው በቀር ልብሱን ብሪታ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥታለች፣ ፒካፑ ተሸጧል። ቀለሙን ሲቀባ ምላሱን አውጥቶ እንደ ተማሪ ነበር። ማረፊያዋን ፈታሁና የጠጉር ያህል ወደ ቀኝ ገፋኋት። መስመሩ ተቆረጠ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በቀብሩ ቀን እንዲህ አላለቀስኩም።

ከሰዓት ጎተራው ጀርባ በራሴ እጅ፣ በራሴ ጃኬት ተኮስኩ። ባለምላጩ ጥቂት ግራ ቀረ። ትንሽ ገፋሁ። እንደገና ትንሽ። ደጋኑ ከብዶኛል፣ ጣቴ ይታጠፋል። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ባለምላጩና ድቡልቡሉ ተነካክተው ቆሙ። አጋዘኑ አለ፣ የጠመንጃው ሰሞንም ገና ነው። ልወጣ እችላለሁ፣ ልተወውም እችላለሁ። ከመታሁት ግን እስኪነጋ እጠብቃለሁ።

ሲመሽ ገባሁ፣ ጫማዬን አወለቅኩ፣ ሾርባ አሞቅኩ። እንደ ሰሞኑ ወደ መኝታ ቤቱ ዞር ብዬ "ሀርላን፣ ቀጥ አለልኝ እኮ!" አልኩት።

ዛሬ አልመለሰልኝም።